ሽቦ ጊታር የሞከረችበት ቅዳሜ

እህቷ በስልክ «ሦስተኛዋ ክፍል የልብስ መተኮሻ ናት» ስትል ሽቦ መታጠቢያ ቤት ቆማ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። ውሃውን ዘጋችና ጆሮዋን ጣለች። ሦስተኛዋ ክፍል የእሷ ናት። የምትጫወትበት ባንድ ተበትኖ፣ የቤት ኪራዩም አልቻል ብሏት ሻንጣዋን ይዛ ከመጣች ጀምሮ የምትተኛባት፣ አልጋዋ፣ ልብሷ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው አሮጌ ጊታሯ ሁሉ ያሉባት ክፍል ናት። ካውያ ገብቶባት አያውቅም፤ በዚህ ቤት ልብስ የሚተኮሰው ሳሎን ውስጥ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። እህቷ ግን ለትልልቅ ሰዎች ብቻ በምታወጣት በዚያች ለስላሳ ድምፅ ቀጠለች፤ «አይ፣ እኛው ብቻ ነን። እኔ፣ ባለቤቴና ልጃችን። እንዲያውም ቤቱ ይሰፋናል።» ከዚያ ሳቀች። ሽቦ አፏን የሞላውን አረፋ ሳትተፋ ትንሽ ቆየች። የተናደደች አልመሰላትም። ሰው መንገድ ላይ በስሙ የተጠራ መስሎት ዞር ሲል፣ የተጠራው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ሲያገኘው እንደሚሰማው ዓይነት ነገር ነው የተሰማት።

ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡላት የባንድ ጓደኞቿ ናቸው፤ ቀጭንና ረጅም ስለነበረች፣ ጊታር መቺም ስለሆነች። ከቤት ውጪ ያለ ሰው ሁሉ በዚሁ ስም ያውቃታል፤ ቤት ውስጥ ግን «እትዬ» ናት። ለሃያ ዓመት ያህል በምሽት ክበቦች ስትጫወት ኖራለች። አሁን ሃምሳውን አልፋ፣ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ታስተምራለች፤ የተበላሸ ትጠግናለች፤ ጊታር ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲጠራትም ሄዳ ታይለታለች። ታናሽ እህቷ በልጅነቷ ከመድረክ ጀርባ የስፒከር ሳጥን ላይ ተኮራምታ እንቅልፍ የሚወስዳት፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ገመድ የምትጠቀልልላት ልጅ ነበረች። ዛሬ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት። ያን ዘመን ካነሣች ደግሞ «እትዬ ሙዚቃ ታስተምር በነበረ ጊዜ» እያለች ነው የምታነሣው።

ሽቦ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ እህቷ ማድቤት ውስጥ አዲሱን የጠረጴዛ ልብስ ከላስቲኩ እያወጣች ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚመጡት የልጇ እጮኛ ወላጆች ናቸው፤ አባትየው ዳኛ፣ እናትየው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ለመተዋወቅ ነው የሚመጡት፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ሲታጠብ፣ መጋረጃው ሲወርድና ሲሰቀል ነው የከረመው።

«እትዬ፣ ዛሬ ሥራ አለሽ አይደል?»

«አንድ የጥርስ ሐኪም ጊታር እዪልኝ ብሎኛል።»

«ጎሽ። እንግዲህ አትቸኩዪ፣ ተረጋግተሽ ሥሪ። እንግዶቹ በዘጠኝ ይመጣሉ፤ ቢቆዩ ቢቆዩ እስከ አንድ ሰዓት ነው።»

«ከአንድ ሰዓት በኋላ ልምጣ ማለትሽ ነው?»

እህቷ የጠረጴዛ ልብሱን እጥፋት በጥፍሯ ስትገፋው ቆየች። «ኧረ እኔ እንደሱ አልወጣኝም። ግርግሩ እንዳይሰለችሽ ብዬ እንጂ።» ቀጥላም፣ ቀና ሳትል፣ «ክፍልሽን ትንሽ ላስተካክላት፣ አትቆጪኝም አይደል?» አለቻት።

«እንደፈለግሽ» አለች ሽቦ። ይኸው ነው የተነጋገሩት። ሁለቱም ሌላው የሚያውቀውን ያውቃሉ፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር ከተነገረ በኋላ አንድ ማድቤት ውስጥ መዋል ከባድ ስለሆነ አልተናገሩትም። ሽቦ መሣሪያዋን፣ ማለትም አጭር ማስመሪያዋን፣ ክር መቃኛዋን፣ ገመዷንና የብሎን መፍቻዎቿን የያዘችውን ቦርሳ አንጠልጥላ ወጣች። ልጅቷ፣ የእህቷ ልጅ፣ ፀጉሯን ለመሠራት በማለዳ ስለወጣች አልተያዩም።

ቀጠሮዋ ከምሳ በኋላ ነበርና ቀኑ ረዘመባት። የመጨረሻው ፌርማታ ድረስ በአውቶቡስ ሄደች፤ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ሰዉ ሲወርድና ሲሳፈር አየች፤ ሁሉም የሆነ ቦታ የሚጠብቀው ሰው ያለው ይመስላል። አንድ ዳቦ ቤት ገብታ ሻይ አዘዘች። ሻዩን በማንኪያ እየጠጣች አቆየችው፤ አስተናጋጁ አንዴ መጥቶ ጠረጴዛውን ወለወለ፣ ተመልሶ መጥቶ የተወለወለውን ወለወለ፤ በመጨረሻ ከፊቷ ያለውን ባዶ ብርጭቆ ሲያነሣ «ሌላ የሚታዘዝ አለ?» አላት፣ ተነሽ ለማለት የሚያገለግለው በዚያ ትሕትና። ሽቦ የዚህን ዓይነት ትሕትና ታውቀዋለች። ጠዋትም ቀምሳው ነው የወጣችው።

የጥርስ ሐኪሙ ቤት ዛፍ በጋረደው ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። በሩን ራሱ ከፈተላት። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሹራብ ለብሷል፤ ጣቶቹ ከመወፈራቸው የተነሣ እነዚህን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ እንዴት እንደሠራ ሽቦን ገረማት። እሱም ሐሳቧን ያወቀባት ይመስል እጁን አይቶ «በሽተኞቼም ሲያዩት ይደነግጡ ነበር» አለ። ክሊኒኩን ለሌላ ሐኪም ካስረከበ ወራት አልፈዋል። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ባለ መደገፊያ ወንበሮች አሉ፤ አንዱ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ሌላው ወደ መስኮቱ ዞሯል፤ በመካከላቸው ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ፎቅ ላይ የሆነ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ።

«ባለቤቴ ናት» አለ ሐኪሙ። «አትወርድም። ተጣልተን እንዳይመስልዎት። ወሬ ነው ያለቀብን።»

ጊታሩ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ሆኖ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ሻጩ አምኖት ለአንድ ቀን ትቶለት ሄዷል፤ ማታ ይገዛ አይገዛ እንደሆነ ሊነግረው ነው ቀጠሮው። ዋጋውን ነገራት፤ በዚያ ገንዘብ ሰው መኪና ይገዛበታል። ሣጥኑን ስትከፍተው የቀለሙና የእንጨቱ ሽታ መጣ፤ ከውስጥ ጠርዙ ላይ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ መሐሉ ላይ እንደ ሻይ የቀላ፣ የእንጨቱ ጅማት ከቀለሙ ሥር ቁልጭ ብሎ የሚታይ ጊታር ወጣ። ወዲያው አልመታችውም። አነሣችውና ክብደቱን በሁለት እጇ መዘነች፤ ከበድ ይላል፣ ትከሻ የሚጎትት ዓይነት ነው፤ ግን ጭኗ ላይ ስታስቀምጠው ጭንቅላቱ ወደ መሬት አላዘነበለም፣ እጇን ስትለቀው ባለበት ቀረ። ከዚያ ገልብጣ አንገቱ ከገላው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በስልኳ መብራት አየች።

«ምን እየፈለጉ ነው?» አለ ሐኪሙ፣ አጠገቧ ቆሞ እሱም ጎንበስ ብሎ።

«አብዛኛው ኤሌክትሪክ ጊታር አንገቱ በብሎን ነው የሚታሰረው። ይሄ ግን ተቦርቡሮለት፣ ገብቶ፣ በሙጫ የተጣበቀ ነው። በደንብ የተሠራ እንደሆነ ሁለቱ እንጨት አንድ ሆኖ ነው የሚጮኸው። ያልተሠራ እንደሆነ ደግሞ ብሎን ፈትቶ ማስተካከል የለም፣ ጣጣው ብዙ ነው።»

«እንደሚተከል ጥርስ ነዋ» አለ ሐኪሙ፣ ደስ ብሎት። «ድዱ በደንብ ካልያዘው ላዩ ቢያምር ምን ዋጋ አለው።»

ሽቦ ሳቀች። ጥፍሯን መጋጠሚያው ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሳበችው፤ የሚይዝ ነገር የለም፤ አንዱ እንጨት የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር በጣት መለየት አይቻልም። ከጭንቅላቱ ጀርባ፣ እንዲህ ያሉ ጊታሮች ሲወድቁ መጀመሪያ የሚሰነጠቁበትን ቦታ፣ ከጎንና ከጎን ብርሃን እያበራች መረመረችው፤ በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ አልነበረም። እንደ ጠመንጃ አነጣጣሪ አንድ ዓይኗን ጨፍና አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ለክሩ እንቅስቃሴ የሚበቃው ጥቂት ጉብጠት ብቻ ነው ያለው። መዳፏን አንገቱ ላይ በተደረደሩት ፍሬቶች ጫፍ ላይ አንሸራተተችው፤ ርካሽ ጊታር ላይ እጅ የሚቧጭሩት እነዚያ ትንንሽ ብረቶች እዚህ እንደ ሳሙና ሟሙተው ለስላሳ ሆነዋል። ሁሉን ስታይ ሐኪሙ ትንፋሹን ይዞ ይከተላት ነበር። ሰው የራሱን የላቦራቶሪ ውጤት ሲጠብቅ እንዲህ ነው።

ከዚያ ሻጩ አብሮ የተወው ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ሳትሰካው መታችው። ኤሌክትሪክ ጊታር ሳይሰካ ድምፁ ጭል ጭል የሚል ነው፤ ይሄኛው ግን ጎድኗ ድረስ ነዘራት። ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ተጫነችው፤ የሚያንኳኳም የሚታፈንም አላገኘችም። ግራ እጇ ወደ መጨረሻዎቹ ቀጫጭን ድምፆች ሲወርድ ምንም አልከለከለውም፤ መጋጠሚያው ተስሎ ስለቀጠነ መዳፏ አልፎ ይሄዳል። ድሮ በምትጫወትበት ጊታር እዚያ ቦታ ለመድረስ አውራ ጣቷን ማስለቀቅ ነበረባት፤ ያን ሁሉ ዘመን ስትታገል የነበረው ከራሷ ጣት ጋር ይመስላት ነበር። አንድ እንከን ብቻ አገኘች፦ ሦስተኛውን ክር ስትቃኘው ከጭንቅላቱ ሥር ባለችው አጥንት ላይ የሚያልፍበት ቦይ ያዝ ያደርገውና ጢቅ ብሎ ያልፋል። እርሳስ ጠየቀች፤ የእርሳሱን ጥቁር ዱቄት ቦዩ ውስጥ አሸችበት፣ ክሩን መለሰችው፤ ሁለተኛ አልያዘም።

ሥራው በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። አምፕሊፋየሩ ላይ ሰክቶ ትንሽ ሰምቶ «ይግዙት» ወይም «ይቅርብዎት» ማለት ብቻ ነው የቀረው። ሽቦ ግን የግድግዳውን ሰዓት አየችና «ክሩ የክፍሉን ሙቀት ይልመድ፣ ትንሽ እንጠብቀው» አለች። ይህን ለሌላ ደንበኛ ብላ አታውቅም። ሐኪሙም «ኧረ ምን ያስቸኩላል፣ ሻይ ላምጣ» ብሎ ተነሣ። ሻዩን ጠጡ። ስለ ጥርስ፣ ስለ እንጨት፣ ሰው ለምን በልጅነቱ የጀመረውን ነገር ትቶ እንደሚቀር አወሩ። ተማሪ ሳለ አንድ የተበደረው ጊታር ነበረው፤ ከዚያ ሥራው መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ልጆቹም ሄዱ። ሽቦ ክሩን እንደገና ለካችው፣ የለካችውን መልሳ ለካችው። ሐኪሙም ሌላ ሻይ አመጣ። እሷ የምትሄድበት አልነበራትም፣ እሱ ጋ የሚመጣ ሰው አልነበረም፤ ሁለቱም ግን ነገሩ ሁሉ የጊታሩ ጉዳይ እንደሆነ አድርገው በጨዋ ደንብ ተያይዘው ሰዓቱን ገደሉት።

በመጨረሻ ማሰሪያውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሰካችው። ከአንገቱ በኩል ያለውን የክሩን ድምፅ ማንሻ፣ ፒክአፕ የሚሉትን፣ ስትመርጥ ድምፁ ወፍራም ሆኖ፣ ጉሮሮ ያለው ሰው ዝቅ ብሎ እንደሚናገር ዓይነት ነበር፤ ክሮቹ ከታች በሚያርፉበት በድልድዩ በኩል ያለው ደግሞ የተሳለ ነው፣ ግን ጆሮ አይወጋም። ቮልዩሙን ዝቅ ስታደርገው ድምፁ ጠራ እንጂ አልታፈነም፤ ጥሩውን ከመጥፎው የምትለይበት አንዱ መንገዷ ይኸው ነው። አንዲት ድምፅ መታችና ጣቷን ሳታነሣ ለቀቀቻት። ድምፅዋ ሄደች፣ ሄደች፣ ቀጠነች፤ የፍሪጁ ጉርምርምታ እስኪበልጣት ድረስ አልሞተችም። ሐኪሙ «እግዜር ያሳይህ» አለ ለራሱ ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ ሽቦ መሞከሯን አቆመችና ተጫወተች። ድሮ ክበቡ ሊዘጋ ሲል፣ አስተናጋጆቹ ወንበር ጠረጴዛ ላይ ሲሰቅሉ የምትጫወታት የራሷ ዜማ ነበረቻት፤ ስም አላወጣችላትም፤ ዘፋኙም ታዳሚውም ከሄደ በኋላ ስለሆነ የምትጫወታት ከአስተናጋጆቹ በቀር የሰማት የለም። እሷን ነው የተጫወተችው። ጣቷ መጀመሪያ ፈራ፤ ከዚያ ጊታሩ እየቀደመ የሚጠብቃት መሰላት። ትንሽ ስትነካው ትንሽ ይሰጣታል፣ ጫን ስትለው ያለቅሳል። ይህ እጅ እያለኝ፣ አለች በልቧ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ግድግዳ ላይ ሰቅዬው። ጨርሳ ቀና ስትል ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተቀምጧል።

«እገዛዋለሁ» አለ፣ ሳይዞር። «ግን አንድ ነገር ላስቸግርዎት። በየቅዳሜው እየመጡ ይጫወቱት። የሚገባዎትን እከፍላለሁ። እኔ ልስማ። ጊታሩ የእርስዎ ነው ይበሉት፣ የሚቀመጠው ብቻ እኔ ጋ ነው።»

ሽቦ ቃሉን በልቧ ደገመችው። በየቅዳሜው። ከጠዋት ጀምሮ የምትሄድበት ይኖራታል፤ ሰው እንግዳ መጣብኝ ቢላት «እኔም ቀጠሮ አለኝ» የምትልበት አፍ ይኖራታል። የሞቀ ክፍል፣ የሚሰማ ሰው፣ በሕይወቷ ከነካቻቸው ሁሉ የሚበልጥ ጊታር። እሺ ልትል ነበር። ከደስታዋ የተነሣ ግን እሺታውን በአፏ ከማለት ይልቅ እጇ ቀደማትና ያችኑ ዜማ፣ አሁን ፈጠን አድርጋ፣ ከመጀመሪያ ጀመረቻት።

መሐሏ ላይ ሳትደርስ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። የሚሮጥ አይደለም፤ ላለመሮጥ ራሱን የያዘ ኮቴ ነበር። በሩ ተከፈተና የሐኪሙ ባለቤት ገባች። ሽበቷን አሁን በችኮላ አበጥራዋለች፣ ማበጠሪያውን እንደያዘች ነው የወረደችው፤ ፊቷ ላይ፣ ለማታውቃት ለሽቦ እንኳ ግልጽ የሆነ፣ ተስፋ የሚመስል ነገር ነበር። ቀድማ ያየችው ባሏን ነው፤ እጁ ባዶ ነው፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ከዚያ ሽቦን አየች፤ ከዚያ ጊታሩን። ፊቷ ላይ የነበረው ወደ ነበረበት ተመለሰ።

«እርስዎ ነዎት እንዴ» አለች። «ይቅርታ። እኔ እሱ መስሎኝ ነው።»

ሐኪሙ ተነሣ። ሹራቡን ወደ ታች ጎተተ። ሴትየዋ ወደ ደረጃው ዞራለች። ሽቦ ማሰሪያውን ከትከሻዋ አውጥታ ጊታሩን በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ክብደቱ ከእሷ ሲላቀቅ ትከሻዋ ብርድ ተሰማው።

«ዶክተር፣ ሰው ሊገዛው ያሰበውን ጊታር ራሱ ሳይዘው አይገዛም። ይያዙት እስቲ።»

«እኔ? እኔ እኮ ከተውኩት ስንት ዘመኔ...»

«ይያዙት።»

ያዘው። ወፍራም ጣቶቹ ክሮቹ ላይ ቦታ ሲፈልጉ ቆዩ። ሦስት አራት ክር በአንዴ ተጭኖ አንድ ኮርድ መታ፤ ግማሹ ታፈነ። ሁለተኛውን መታ፤ ይሄኛው ወጣ። ወደ ሦስተኛው ለመሻገር ረጅም ጊዜ ፈጀበት፣ ተሻገረ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ። ሴትየዋ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች።

«ዛሬም እነዚያኑ ሦስቱን ነው?» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠች።

«አራተኛውን መቼ አስጨረሽኝ» አለ ሐኪሙ። «ልማረው ስል አገባሽኝ።»

ሴትየዋ አልሳቀችም፤ ግን አልወጣችም። ታችኛው ደረጃ ላይ ማበጠሪያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ሐኪሙ ደግሞ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም፤ ዓይኑን ጣቶቹ ላይ ተክሎ ኮርዱን ደገመው። ሽቦ ገመዷን ጠቀለለች፣ መፍቻዎቿን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። የእሷ ሥራ እዚህ ቤት ማለቁን አውቃለች፤ እያወቀችም ቦርሳዋን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

«ጊታሩ እንከን የለውም» አለች። «መጋጠሚያው እንደ አንድ እንጨት ነው፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ድምፁን ሰምተውታል። ይከብዳል፣ ስለዚህ ቁጭ ብለው ይጫወቱት። ዋጋው ይገባዋል። ግን በየቅዳሜው መምጣቱ አይሆንልኝም።»

«ለምን?» አለ ሐኪሙ፣ ቅር ብሎት።

«እኔ ከመጣሁ እርስዎ አይነኩትም።»

እስከ በሩ ሊሸኛት ሲነሣ በእጇ ከለከለችው። ወጥታ የግቢውን በር ስትዘጋ ያቺ ሦስተኛዋ ኮርድ ስትሰበር ተሰማት፤ ከዚያ የሴትዮዋ ድምፅ፣ ቃሉ የማይለይ፤ ከዚያ እንደገና ኮርዷ። ሽቦ አጥሩን ይዛ ትንሽ ቆመች። መልካም ሥራ የሠራ ሰው ልቡ ሞቅ ይለዋል ሲባል ትሰማለች። የእሷ አልሞቀም። የሚሰማት የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነበር፤ የድሮው ጥንካሬያቸው ስለለሰለሰ ክሩ አቃጥሏቸዋል፤ እነሱን እያሻሸች ወደ ፌርማታው ሄደች።

አንድ ሰዓት ሊሆን ገና ጊዜ ነበር። ዳቦ ቤቱን ከአውቶቡሱ መስኮት አየችው፤ አስተናጋጁ የሚወለወል ጠረጴዛ አግኝቶ እየወለወለ ነው። ልትወርድ አሰበችና ቀረች፤ ወደ ቤት ሄደች። ቆርጬ ተነሣሁ፣ ዛሬስ እህቴን አፋጥጣታለሁ ብላ አልነበረም። እግሯ ስለደከማት፣ ስለበረዳት፣ ጫማዋን ማውለቅ ስለፈለገች ነው። ሰው ቤቱ የሚገባው በዚህ በዚህ ምክንያት አይደለም እንዴ።

በራፉ ላይ የሰው ሳቅ ይሰማል። ቁልፏን አውጥታ ከፈተች። ሳሎኑ በራ ብሏል፣ አበባ ተቀምጧል፤ ሁለቱ እንግዶች ትልቁ ሶፋ ላይ፣ እጮኛው ከልጅቷ አጠገብ፣ የእህቷ ባል ከወንበሩ ጫፍ ላይ። ሁሉም ዞሩ። እህቷ በመጀመሪያ ያየችው ሰዓቱን ነው።

«እትዬ መጣሽ!» አለች ልጅቷ ተነሥታ። «እማዬ እስከ ማታ ሥራ አለባት ብላኝ እኮ አዝኜ ነበር።»

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አስተካክላ በመልካም ፊት አየቻት፣ ከዚያ ወደ ባለቤቷ፣ ከዚያ ወደ ሽቦ እህት ዞረች። «እሳቸውስ?» አለች።

እህቷ ዝም አለች። የእህቷ ባል ሱሪው ላይ የሌለ ነገር ያራግፋል። እንዲህ ያለው ዝምታ ሲመጣ የሚሞላው ሰው ሁልጊዜ ሽቦ ነበረች፤ በእህቷ መሥሪያ ቤት ግብዣ ላይ «ጎረቤት ነኝ» ያለችበት ጊዜ አለ፣ «ልጅቷን ላስጠና መጥቼ ነው» ያለችበትም አለ፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ እህቷ እንዳትሸማቀቅ ብላ። ዛሬም ቃሉ አፏ ላይ መጥቶላት ነበር። ግን በጣም ደክሟታል። ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ዝምታው ሲረዝም ልጅቷ እናቷን በግርምት አየቻት፤ እህቷ የልጇን ዓይን ስታይ ፊቷ ቀላ።

«እህቴ ናት» አለች በመጨረሻ። «ታላቄ ናት።»

«ውይ፣ አልነገርሽንም እኮ!» አለች ዳይሬክተሯ። ሶፋው ላይ ገፋ ብላ ቦታ አስለቀቀች። «ኑ፣ ይቀመጡ። ከየት ነው የመጡት፣ ሩቅ ነው የሚኖሩት?»

ሽቦ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። እህቷ የጠረጴዛ ልብሱን በመዳፏ ትደለድላለች፣ የተደለደለውን መልሳ ትደለድላለች፤ ከአንገቷ ቀና አትልም። ሽቦ አየቻትና ያቺ የስፒከር ሳጥን ላይ ተኮራምታ የምትተኛዋ ልጅ ታየቻት፤ ልታዝንላት ትንሽ ቀርቷት ነበር።

«እዚሁ ነው» አለች። «እዚሁ ቤት።»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። እህቷ ተነሥታ ወደ ማድቤት ሄደች፤ የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት፣ ዕቃ ሲገጫጭ ተሰማ። ስትመለስ አንድ ሰሃንና አንድ ብርጭቆ ይዛ ነበር። ሽቦ ፊት አስቀመጠችላት፣ ብርጭቆውን ሞላችላት፣ ማንኪያውን አቃናችላት። ሁሉን አሟልታ አቀረበችላት፤ ዓይኗን ብቻ አላየቻትም።